የረድፉ ብቸኛ ወንዴ

በተመራማሪዋ ጸጉር ላይ ቢጫ ብናኝ ነበር።

መርፌ ይህን ያየችው ከችግኝ ቤቱ በር ላይ ቆማ ነው። ከዚያ ሆኖ ሰው ስም ቢጠራ ይሰማል እንጂ ብናኝ የሚታይበት ርቀት አይደለም። ለእሷ ግን ታያት። ቀጥሎ ያየችው የእትዬን ልጅ እጅ ነው። እጁ ተነሣ፣ የሴትዮዋን ጸጉር በጣቶቹ ጫፍ ጠረግ ጠረግ አደረገ፣ ከዚያም እሳት እንደ ነካ ሁሉ ቶሎ ወረደ። ሴትዮዋ አልሸሸችም። ፀሐይ እንደምትሞቅ ድመት አንገቷን ትንሽ ዘንበል አድርጋ ቆመች።

"ጫማሽ ያብባል ብለሽ ነው?" አሉ ጋሼ መቀስ ከኋላዋ።

መርፌ ወደ እግሯ አየች። የያዘችው የውሃ ማጠጫ ዘንብሎ ጫማዋን እያራሰ ነበር።

"እያሰብኩ ነው ጋሼ።"

"እያየሽ ነው። ሲያስቡ እንዲህ ዓይን አያፈጡም።"

ጋሼ መቀስ የእርሻው ገራዥ ናቸው፤ ዛፍ የሚገርዙበትን መቀስ ከወገባቸው ስለማይለዩ ነው ስሙ የወጣላቸው። ለእሷም 'መርፌ' የሚለውን ስም ያወጡላት እሳቸው ናቸው። ቀጭን ስለሆነች አይደለም። የችግኝ ቤቱን ሥራ ከያዘች ጀምሮ አንድ ቅጠል ከትናንት ይልቅ ዛሬ መገርጣቱን ማንም ሳይነግራት ስለምታውቅ፣ የተሳሳተ ነገር ካየችም ወጋ ሳታደርግ ስለማታልፍ ነው። የእትዬን ልጅ ደግሞ 'ዝምተኛው' ይሉታል። እትዬ የእርሻው ባለቤት ናቸው፤ ልጃቸውም አንድ እሱ ብቻ ነው።

ዝምተኛውና ተመራማሪዋ የቆሙበት ረድፍ የእርሻው ሰው ሁሉ 'የልጆቹ ረድፍ' የሚለው ነው። ልጆቹ ማለት መርፌና ዝምተኛው ናቸው። እትዬ በብዙ ወጪ ያስመጧቸውን ወይኖች ውርጭ በየዓመቱ እየጠበሰ ሲመልሳቸው፣ ከእርሻው በታች በወንዙ ገደል ላይ የተንጠለጠለው የዱር ወይን ግን ምንም ሳይሆን ያፈራ ነበር። ሁለቱ ከዚያ ዘለላ ለቅመው፣ ፍሬውን ጨምቀው፣ ዘሩን ውሃ ውስጥ ጨመሩት። የተንሳፈፈውን ጣሉ፤ የሰጠመውን በእርጥብ አሸዋ ጠቅልለው በእትዬ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀመጡት። የዱር ወይን ዘር ክረምቱን ሙሉ ካልቀዘቀዘ ከእንቅልፉ አይነሣም። እትዬ ቅቤ ፍለጋ ማቀዝቀዣውን ከፍተው "ዘንድሮ አሸዋ ነው እንዴ የምንበላው?" ያሉት እስካሁን ይወራል።

ከዘር የበቀለ የዱር ወይን ወንዴ ይሁን ሴቴ እስኪያብብ ድረስ አይታወቅም። ረድፉ በዘንድሮው ወቅት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያብብ መርፌ እያንዳንዱን አበባ በአጉሊ መነጽር አየች። ሴቴዋ መሐሏ ላይ ትንሽ አረንጓዴ ሆድ አላት። ወንዴው ሆድ የለውም፤ ብናኝ የተሸከሙ ቀጫጭን ዘንጎች ብቻ ነው ያሉት። ካበቡት ውስጥ ወንዴ ሆኖ የወጣው አንድ ብቻ ነበር። የተቀሩት ሴቴዎች ሲሆኑ፣ ገና ያላበቡም አሉ። የተገዙት ወይኖች ደግሞ ዘንድሮም እንቡጣቸውን ውርጭ በልቶታል።

ያን ወንዴ አብረው ባዩበት ጠዋት ዝምተኛው ከወትሮው በላይ ተናገረ። "ሌላው ሁሉ ለእርሻው ነው። ይሄኛው የእኔና የአንቺ ይሁን" አላት። ለእሱ ይህ ረጅም ንግግር ነው። መርፌ እንደ ቃል ኪዳን ያዘችው።

አሁን እዚያው ወንዴ ሥር ከሌላ ሴት ጋር ቆሟል።

"ነገ ጠዋት ነው የምትሰበስበው አሉ" አሉ ጋሼ መቀስ።

"ምኑን?"

"ብናኙን ነዋ። ለምርምር ጣቢያቸው ሴቴዎች። ልጁ ፈቅዶላታል።"

"ሳይነግረኝ?"

ጋሼ መቀስ አዩዋትና ቃላቸውን መረጡ። "እርሻው የማን ሆነና ልጄ" አሉ በቀስታ፣ እንዳይሰብሯት። በቀስታ መባሉ ነው የሰበራት።

መርፌ ሰው ባለበት እሱን 'እርስዎ' ትለዋለች። ሁለቱ ብቻ ሲሆኑ ነው 'አንተ' የምትለው፤ ያም ከዓመት በላይ ፈጅቶባታል። ተመራማሪዋ ግን በመጣችበት ዕለት፣ ከመኪናዋ ሳትወርድ፣ በመስኮቱ ብቅ ብላ ሰው ሁሉ እየሰማ "አንተ፣ ወፍረሃል እኮ" ብላዋለች። የእትዬ የልብ ጓደኛ ልጅ ናት፤ በልጅነታቸው አብረው ተጫውተዋል። መርፌ ያቺን ቃል ከዚያ ቀን ጀምሮ ጫማ ውስጥ እንደ ገባ ጠጠር ይዛት ትሄዳለች።

*

ከሰዓት በኋላ መርፌ እንደ ወትሮው የችግኝ ቤቱን ሁኔታ ለእትዬ ልትነግር ወደ ትልቁ ቤት ወጣች። በረንዳው ላይ ሻይ ቀርቧል። እትዬ፣ ልጃቸውና ተመራማሪዋ ተቀምጠዋል። ለእሷ ወንበር አልቀረበም። በክፋት አይደለም፤ ለመናገር የሚመጣ ሠራተኛ ቆሞ ስለሚናገር ነው።

"በይ ልጄ፣ የልጆቹ ረድፍ እንዴት ነው?" አሉ እትዬ።

"ጥሩ አብቧል እትዬ። ፍሬ መያዙ በቅርቡ ይታወቃል።"

"የነገርኳችሁን አትርሱ። ከያዘ ይቀጥላል። ካልያዘ ይነቀልና ቦታው ለሌላ ይሆናል። ከዚህ በላይ መታገሥ አልችልም።" እትዬ ቃላቸውን እንደ ሚስማር አንዴ መትተው የሚተዉ ሴት ናቸው። ከዚያ ፊታቸው ፈካ አለ። "እንዲያውም እንኳን መጣሽ። ለቅዳሜ ጠረጴዛ ላይ የሚሆን ጥሩ ጥሩ አበባ ምረጪልኝ። አንቺ ዓይን አለሽ። የእሷ እናትና አባት ይመጣሉ።"

"ለምን ጉዳይ ነው እትዬ?"

ጥያቄው ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው መጠየቅ እንደማይገባት የታወቃት። እትዬ ግን አልተቆጡም።

"ልጆች ለአቅመ ትዳር ሲደርሱ ወላጆች ለምን ጉዳይ ይገናኛሉ?"

"እትዬ ደግሞ" አለች ተመራማሪዋ። ጆሮዋ ቀልቷል። ግን 'አይደለም' አላለችም።

መርፌ ዝምተኛውን አየችው። ሠራተኛ የጌታውን ልጅ ከሚያይበት ጊዜ አስበልጣ፣ ማንም ቢታዘብ ሊገባው በሚችል ዓይን ቆማ አየችው። እሱም አያት። ከዚያ ዓይኑን ወደ ስኒው መለሰና የስኒውን ጆሮ ወደ ግራ አዞረው፤ መልሶ ወደ ቀኝ አዞረው።

"ስኳሩን ታቀብዪኛለሽ?" አለ። ለተመራማሪዋ ነው ያለው።

መርፌ "አበባውን እመርጣለሁ" ብላ ደረጃውን ወረደች። ስኳር እንደማይጨምር ታውቃለች። ሻይ ያለ ስኳር የሚጠጣ ሰው ስኳር ጠየቀ፤ ለእሷ የሚሆን ቃል ግን አጣ። እጇን ኪሷ ውስጥ ከትታ ጨበጠችው፤ ባዶ ነበር፤ የሆነ ነገር የተነጠቀች ያህል ግን አሳመማት።

*

መርፌና እናቷ የሚኖሩበት ባለ ሁለት ክፍል ቤት የእርሻው ነው። አባቷ የእርሻው መካኒክ ነበሩ። ሲሞቱ እትዬ ለእናቷ "ከእናንተ አንድ ሰው እዚህ እስከ ሠራ ድረስ ቤቱ ቤታችሁ ነው" አሏቸው። ቃላቸውን ጠብቀዋል።

እናቷ በመስኮቱ ብርሃን የትራስ ልብስ እየሰፉ ነበር። ቀና ብለው አዩዋትና መርፌያቸውን ጨርቁ ላይ ሰኩ።

"ምነው ፊትሽ?"

"ደክሞኝ ነው እማዬ።"

"እኔ የወለድኩትን ፊት አውቀዋለሁ፤ ይሄ የድካም አይደለም።" ትራሱን ከጭናቸው አወረዱ። "ልብሽን የጣልሽበትን አውቃለሁ። አልከለከልኩሽም፣ አልከለክልሽምም። ብቻ ይሄን ጣሪያ አስቢልኝ።"

መርፌ አንገቷን ነቀነቀች። ጣሪያውን ለማሰብ ሞከረች። ያየችው ግን ጸጉር ላይ የሚንቀሳቀሱ ጣቶችን ነው።

በማግሥቱ ጎሕ ቀዶ ሰማዩ ሲገረጣ ረድፉ ውስጥ ነበረች። መቀሷን ከቤት ስትወጣ በአልኮል ወልውላ ነው የያዘችው፤ ንጹሕ ባልሆነ መቀስ ወይን ቆርጣ አታውቅም። ከወንዴው ሥር ቆመች። ዘለላዎቹ ጤዛ ይዘዋል። ሽታቸው ለስላሳና ጣፋጭ ነው፤ ለማንም ሲሉ አያውዱም፣ ለመጣው ሁሉ ያውዳሉ። ይህም አናደዳት።

የመጀመሪያውን ዘለላ ቆረጠች። አቆራረጧ እንከን አልነበረውም፤ ከአንጓው ከፍ አድርጋ፣ በሰያፍ፣ ልጡን ሳትሰነጥቅ። ቁጣ እጇን አላንቀጠቀጠውም። ይልቁንም ከመቼውም በላይ አረጋጋው። ከታች ጀምራ ወደ ላይ፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ አንድም ሳታስቀር ሄደች። በእያንዳንዱ ዘለላ የሚታያት የተመራማሪዋ ትንሽ ጠርሙስ ነው። ቢጫው ብናኝ እዚያ ውስጥ ታሽጎ፣ በእሱ ፈቃድ፣ በእሷ ቦርሳ ሲሄድ ይታያታል። ባልዲው ሲሞላ እንፋሎት የሚወጣው ብስባሽ ጉድጓድ ውስጥ ገለበጠችው፤ በመንሹ አገላብጣም ቀበረችው። ትኩስ ብስባሽ ውስጥ የገባ ብናኝ ፀሐይ ሳትወጣ ይሞታል። ይህን ታውቃለች። ስለምታውቅ ነው እዚያ የጣለችው።

ተመልሳ መቀሷን ስትወለውል ከወንዴው አጠገብ ያለችውን ሴቴ አየች።

የመጀመሪያዋ የፀሐይ ጮራ ቅጠሉን አልፋ አንድ አበባ ላይ አርፋለች። በአበባዋ አረንጓዴ ሆድ ጫፍ ላይ ከመርፌ ጫፍ የማትበልጥ ጠብታ ታበራለች። ጤዛ አይደለችም። ሴቴ አበባ ብናኝ ለመቀበል ስትዘጋጅ የምታወጣት ጠብታ ናት፤ ዝግጁ ነኝ ማለቷ ነው። መርፌ ቀጣዩን አየች። ከዚያ ቀጣዩን። ረድፉ ከዳር እስከ ዳር ዝግጁ ሆኖ ይጠብቃል፤ የሚጠብቀው ደግሞ እሷ አሁን የቀበረችውን ነው።

አራት ዓመት ያሳደገቻቸውን ረስታቸው ነበር። ሌላውን ሁሉ አስባለች፤ መቀሱን፣ አንጓውን፣ ብስባሹን፣ ጠርሙሱን። እነሱን ብቻ ረሳች። ሌባ በገባበት ቤት መሐል እንደ ቆመ ሰው ቆመች፤ ሌባው ራሷ መሆኗን እያወቀች።

*

ዝምተኛውና ተመራማሪዋ ከቁርስ በኋላ ጠርሙስና ብሩሽ ይዘው ወረዱ። መርፌ ከጋሼ መቀስ ጋር ሽቦ እየወጠረች ነበር። ልትነግረው ወስና ነበር። ቃሉን ሦስት ዓይነት አድርጋ አዘጋጅታዋለች። እሱ ግን ወንዴውን ባየ ጊዜ ወደ እሷ አልመጣም። የተቆረጡትን ጫፎች በጣቱ ነካካ፣ ፊቱ ነጣ፣ ፊቱን አዙሮ በትልልቅ እርምጃ ወደ ትልቁ ቤት ወጣ።

"ወዴት ነው?" አለች ተመራማሪዋ እየተከተለችው።

"ይሄ የሠለጠነ እጅ ነው የቆረጠው" አሉ ጋሼ መቀስ ጎንበስ ብለው እያዩ። "እኔ ግን አይደለሁም።" ከዚያ መርፌን አዩ። ሁለቱም ተከትለው ወጡ።

እትዬ በረንዳው ላይ መነጽራቸውን እየጠረጉ ነበር።

"ምናለ እስኪያፈራ ብትጠብቂ?" አላቸው ልጃቸው። "ይነቀላል ብለሽ ነበር፤ እሺ። ግን በስርቆሽ ታስቆርጪዋለሽ ብዬ አላሰብኩም።"

"ምኑን ነው ያስቆረጥኩት?"

"ታውቂያለሽ።"

"አላውቅም። ንገረኝ።"

"እማ፣ ረድፉን የምትጠይው ለምን እንደሆነ የማይገባኝ መሰለሽ? እዚያ የምውልበትን ምክንያት ስለማትወጂው ነው።" ትንፋሹን ሳበ። "እንግዲህ ቅዳሜ የሚመጡት ሰዎች እኔን አያገኙኝም። ዛሬ ከዚህ ቤት እወጣለሁ።"

መርፌ ከደረጃው ሥር ቆማ ሰማች። ትናንት ከስኒው ውስጥ እንዲወጣ የጠበቀችው ቃል አሁን ወጣ፤ ያውም በእናቱ ፊት፣ በተመራማሪዋ ፊት። ዝም ካለች የእሷ ነው። ዛሬውኑ ሻንጣውን ይዞ ይመጣል። ልቧ በደስታ ዘለለ፤ አዎ፣ ዘለለ።

ከዚያ የእትዬን ፊት አየች። መርፌ ዕድሜዋን ሙሉ የሠራችው ማየት ነው፤ አለማየት አትችልም። የእትዬ አፍ ትንሽ ተከፍቷል። መነጽሩን የያዘው እጃቸው አየር ላይ ቀርቷል። የደበቁት ነገር የተገለጠባቸው ሰው ፊት አልነበረም። ያላደረጉትን ነገር በገዛ ልጃቸው አፍ የሚሰሙ እናት ፊት ነበር።

"እኔ ነኝ የቆረጥኩት" አለች።

ሁሉም ዞሩ።

"ምን አልሽ?" አሉ እትዬ።

"ጎሕ ሲቀድ። ሁሉንም። እትዬ አያውቁም።"

"ለምን?"

"ስለ ቀናሁ።"

ጋሼ መቀስ ቆባቸውን አውልቀው ውስጡን መመርመር ጀመሩ። ተመራማሪዋ ቀስ ብላ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች፤ ነገሩ መጀመሪያ የገባው ለእሷ ነው።

ዝምተኛው ደረጃውን ወርዶ ፊቷ ቆመ። "የእኛ ነበር እኮ" አለ። "ለምን አልጠየቅሽኝም?"

"ጠይቄህ ነበር። ትናንት እዚህ ቆሜ በዓይኔ ጠየቅሁህ። አንተ ስኳር ጠየቅህ።"

'አንተ' ማለቷ የታወቃት ከተናገረችው በኋላ ነው። እትዬም ሰምተዋል፤ ቅንድባቸው ከፍ አለ።

"ብናኙን ስትሰጣት እንኳ አልነገርከኝም" አለች። "የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ለማንም አላካፍልም። ከሥራዬም ልውጣ ካላችሁኝ እወጣለሁ። ግን አንተ እናትህ ናቸው ብለህ ወዲያው የጠረጠርከው ለምንድን ነው? ስለ ቅዳሜው ታውቅ ስለ ነበር ነው። ስንት ቀን ከጎኔ ሆነህ ሽቦ ስትወጥር ታውቅ ነበር።"

ይህን ጊዜ ግን ስኒ በእጁ የለም፤ የሚያየው ነገር አጥቶ እሷን አየ። ከዚያ ወደ እናቱ ዞረ።

"እማ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። አንቺን በሐሰት ወንጅያለሁ። ሌላም አለ። ስለ ጋብቻው ያነሣሽልኝ ቀን ዝም ያልኩት እሺ ለማለት አልነበረም። ፈርቼ ነው። የምወዳት እሷን ነው። እዚህ እርሻ ላይ የቆየሁትም ለእሷ ብዬ ነው።"

እትዬ መነጽራቸውን አደረጉ። "አንተ ዝም ስትል እሺ ያልክ ይመስላል" አሉ። "አባትህም እንዲሁ ነበር፤ አገባኝ እንኳን ብዬ አፌን ሞልቼ አልናገርም፤ እኔ ነኝ ያገባሁት።" ጋሼ መቀስ ሳቃቸውን ለመደበቅ ቆባቸው ውስጥ ሳሉ። እትዬ ወደ መርፌ ዞሩ፤ ድምፃቸው ቀዘቀዘ። "ስለ አንቺ አሁን ምንም አልልም። ተናድጃለሁ፤ ተናድጄ የተናገርኩትን ደግሞ አላጥፍም። ረድፉ ግን ያልኩት ነው። ፍሬ ከሌለ ይነቀላል።"

*

"ገደሉ ላይስ?" አለች ተመራማሪዋ።

ሁሉም ረስተዋት ነበር። ወንበሯ ላይ እንደ ተቀመጠች ጠርሙሷን በጣቶቿ ታንከባልላለች።

"ዘሩን ያመጣችሁበት ገደል። እዚያ ወንዴ የለም?"

"አለ" አለች መርፌ። "ፀሐይ የሚያገኘው ዘግይቶ ስለሆነ የሚያብበውም ዘግይቶ ነው። ባለፈው ሳምንት እንቡጥ ነበር።"

"እኔ መኪና አለኝ፤ የበረዶ ሣጥንም አለኝ። ከፍታ ግን አልችልም። ለዚህ ነው ከረድፉ ልወስድ የመጣሁት።"

"እኔ እወርዳለሁ።"

"እኔም እመጣለሁ" አለ ዝምተኛው።

"አይሆንም" አለችው መርፌ። "አንተ ከእናትህ ጋር የጀመርከውን ጨርስ።"

ሁለቱ በመኪናዋ ወደ ገደሉ ሄዱ። ተመራማሪዋ ስትነዳ ጥሩ ትነዳለች፤ መርፌ ይህንንም ሳትወድ አየች። ጸጉሯ ንጹሕ ነው፤ እጇ ያምራል። መርፌ የራሷን እጅ ጉልበቷ ሥር ደበቀች።

"ንብ ነበረች" አለች ተመራማሪዋ በድንገት።

"ምን?"

"ትናንት። ጸጉሬ ላይ ንብ አርፋ ነበር። 'አትንቀሳቀሺ' ብሎ አባረራት። ያየሽው ይሄንን ከሆነ።"

"ያየሁት እሱን ነው።"

"እኔ ደግሞ ንቧ ትንሽ ብትቆይ ብዬ ነበር።" ዓይኗን ከመንገዱ አላነሣችም። "ስለዚህ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳትሽም። ከልጅነቴ ጀምሮ እወደዋለሁ። ስለ ረድፉ ሲያወራ የማይዘጋ አፍ አወጣ፤ እኔን ስላገኘ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ዛሬ ነው የማንን ወሬ ሲያወራ እንደ ነበር የገባኝ።"

መርፌ ማጽናኛ ቃል ፈለገች፤ የምታገኘው ሁሉ የአሸናፊ ቃል ሆነባትና ተወችው። ድል ግን አልተሰማትም። የተሰማት ከዚህች ሴት ጋር አንድ ዓይነት በሽታ መታመሟ ነው።

ገደሉ አፋፍ ላይ ያመጡትን ገመድ ከመኪናው መንጠቆ ጋር አሰሩት። ተመራማሪዋ የተረፈውን በእጇ ጠምጥማ ያዘች፤ ወደ ታች እንዳታይ ዓይኗን ጨፈነች።

"ትናንት የሆነ ቦታ እንድትወድቂ ተመኝቼ ነበር" አለች መርፌ እግሯን ወደ ገደሉ እያወረደች።

"ገመዱን የያዝኩት እኔ ነኝ። ምኞትሽን ስትወጪ ብትነግሪኝ አይሻልም?"

መርፌ ሳቀች። ሳቋ ገደሉን መትቶ ተመለሰ። ከበታቿ፣ በጥላው ውስጥ፣ ወንዴው የዱር ወይን ገና ትናንት ወይ ዛሬ እንደ ፈነዳ ሁሉ ዘለላው ብናኝ ሞልቶት ተንጠልጥሏል። እያየችው ዓይኗን እንባ ሞላው፤ ገመዱ ግን አልላላም።

*

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ በበረዶ ሣጥኑ ውስጥ ያመጡትን ብናኝ በብሩሽ እያስነኩ ሴቴዎቹን አዳረሱ፤ መርፌ ከአንደኛው ጫፍ፣ ተመራማሪዋ ከሌላው። ዝምተኛው በሁለቱ መሐል ዘለላ ይይዝላቸዋል። ተመራማሪዋ የራሷን ጠርሙስ ሞልታ በማግሥቱ ሄደች። ቅዳሜ ማንም አልመጣም። እትዬ ለመርፌ አንድም ቃል አልተነፈሱም፤ ከሥራም አላስወጧትም። እናቷ ጣሪያውን ቀና ብለው እያዩ ሰነበቱ።

አበባው ረግፎ ሲያልቅ መርፌ አጉሊ መነጽሯን ይዛ ረድፉ ውስጥ ገባች። ብዙው ረግፏል። ብናኙ ሳይነካቸው ጊዜያቸው ያለፈባቸው ዘለላዎች ባዶ ናቸው። ከቀሩት መሐል ግን እዚህም እዚያም የሰናፍጭ ፍሬ የሚያህሉ አረንጓዴ ፍሬዎች ዘለላው ላይ ተደርድረዋል። ከእነዚህ አንዱን ሳይነካ በትንፋሹ ብቻ ሊያሞቀው የፈለገ ይመስል ዝምተኛው አጠገቧ ጎንበስ ብሎ ያያል።

ስልኩ ኪሱ ውስጥ ጮኸ። አውጥቶ አየና፣ ሳትጠይቀው፣ አነበበላት። "ተመራማሪዋ ናት። 'ያዘ ወይ?' ትላለች።"

መርፌን ያቺ የታወቀች ቅናት ቆነጠጠቻት። እንደ ድሮው ልትውጣት ነበር። አልዋጠቻትም።

"ቀናሁ" አለችው።

"አሁን?"

"አሁን።"

ስልኩን ዘረጋላት። "አንቺ መልሺላት።"

"ልጄ።"

ድምፁ ከኋላቸው ነው። እትዬ ረድፉ ውስጥ ገብተዋል። አራት ዓመት ሙሉ ጫማቸው ይህን አፈር ረግጦ አያውቅም። መነጽራቸውን አስተካክለው ዘለላውን ከታች በመዳፋቸው ደገፍ አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩት።

"ይህን ሁሉ ያመሰን ይሄ ነው?" አሉ።

"ገና ያድጋል እትዬ።"

"እንግዲህ ያዘ ነው የሚባለው። ቃሌ ቃል ነው፤ አይነቀልም።" ዘለላውን ለቀቁት፤ እሷን ግን አልለቀቁም፤ ዓይናቸው ፊቷ ላይ ቆየ። "ባለቤቴ በሕይወት በነበረ ጊዜ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቀንቻለሁ። በፖስታ ቤቷ ሠራተኛ፣ በእህቱ፣ በመኪናው ሳይቀር። መቀስ ግን አላነሣሁም።"

"አጥፍቻለሁ እትዬ።"

"አጥፍተሻል። ተናግረሽዋልም። ዝም ብትዪ ልጄን ከቤቴ ይዘሽልኝ ትሄጂ ነበር፤ ይሄ የገባኝ ተናድጄ ካበቃሁ በኋላ ነው።" ወደ ልጃቸው ሳይሆን ወደ ሽቦው አዩ። "ብቻ አንቺ ብቻ የምትቀኚ እንዳይመስልሽ። ጠዋት ተነሥቶ መጀመሪያ የሚያየው ይሄን ረድፍ ነው፤ ቀጥሎ አንቺን ነው። ለእኔ የሚደርሰኝ ማታ ደክሞት ሲመለስ ነው። ትንሽ ጊዜ ስጪኝ።"

መርፌ እኚህን ሴት ስትፈራቸው ኖራለች፤ ስታከብራቸው ኖራለች፤ ታውቃቸዋለች ብላ ግን አስባ አታውቅም ነበር። አሁን በእሳቸው ፊት ላይ፣ ከመነጽሩ ጀርባ፣ የራሷን ሕመም አየችው፤ ከእሷ ይልቅ ያረጀ፣ ከእሷ ይልቅ በጨዋነት የተያዘ። እጃቸውን ለመያዝ ገና አልደፈረችም። ከአጠገባቸው ግን አልራቀችም፤ እሳቸውም አልራቁም። ሦስቱ ዝም ብለው እዚያው ቆሙ፤ በዚህ ዝምታ ውስጥ ማንም የፈራ አልነበረም።